መጀመሪያ እንደግ፣ ከዚያ እናጸዳለን

አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ሳይመዘገብ ይማራል። ወረቀቱ ሁሉ በእጁ ያልፋል። ማሽኑ እስኪሞቅ፣ መብራት እስኪመጣ፣ ተማሪው ፍላሹን ከቦርሳው እስኪያወጣ ድረስ ያነባል። እኔም እንዲሁ የሕግ፣ የነርሲንግ፣ የአካውንቲንግ ሃንድአውት ሳነብ ኖሬያለሁ። አብዛኛው በማግስቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ስለ ልማትና አካባቢ የሚያወራው የመግቢያ ኮርስ ግን አልለቅ ብሎኛል። በየሴሚስተሩ ይመጣል። መምህሩ ይቀያየራል፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ ትሩማን፣ ሮስቶው፣ ጥገኝነት፣ ስቶክሆልም፣ ብሩንትላንድ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደ እኛ ልመልሳቸው ብል ራሴም ይምታታብኛል።)

ላስተምር አይደለም የምጽፈው። አንድ አባባል ስለሚያበሽቀኝ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ማኪያቶ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ትሰሙታላችሁ። ወንዙ ገማ ስትሉ፣ ጭሱ ፈጀን ስትሉ መልሱ ዝግጁ ነው። «መጀመሪያ እንደግ፣ ከዚያ እናጸዳለን።» ይህን የሚለው ሰው ሃንድአውቱን ዓይቶት አያውቅም። ሐሳቡ ግን ከዚያው የወጣ ነው። ገጹን ገልጬ ላሳየው እችላለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ንግግር ነው። ጥር 20 ቀን 1949 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን በበዓለ ሲመቱ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ ለመከራ በቀረበ ኑሮ ውስጥ እንዳለ ተናገረ። የአሜሪካ ሳይንስና ቴክኒክ ላላደጉ አካባቢዎች ይድረስ አለ። የንግግሩ አራተኛ ነጥብ ስለነበረ ፕሮግራሙ «ፖይንት ፎር» ተባለ። የድሮ ሰዎች ስሙን ያስታውሱታል። ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ያቋቋሙት የሐረማያ እርሻ ኮሌጅ የዚሁ ፕሮግራም ውጤት ነው። ከዚያ በፊት እኛ ድሃ ነበርን፣ ሀብታም ነበርን፣ ጦረኛ ነበርን፣ ብቻ የሆነ ነገር ነበርን። ከዚያ በኋላ «ገና ያላደጉ» በሚለው ወረፋ ውስጥ ገባን።

ወረፋውን በደረጃ የከፋፈለው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ዋልት ሮስቶው ነው። መጽሐፉ በ1960 ወጣ። አምስት ደረጃ አለው። ባህላዊ ኅብረተሰብ፣ የመነሳት ቅድመ ሁኔታ፣ መነሳት፣ ወደ ብስለት መገስገስ፣ በመጨረሻ ሁሉም ሰው እንደልቡ የሚሸምትበት ዘመን። ተማሪዎች ሦስተኛውን ደረጃ በማርከር ቢጫ ያደርጉታል፤ ሁልጊዜ ፈተና ላይ ይመጣል። አገር እንደ አውሮፕላን ተንደርድሮ የሚነሳበት ሰዓት ነው። የመጽሐፉ ንዑስ ርዕስ «ኮሚኒስት ያልሆነ ማኒፌስቶ» ይላል፤ ለማን መልስ ለመስጠት እንደተጻፈ አልደበቀም። ሰውየው ኋላ ላይ የፕሬዝዳንት ጆንሰን የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሆኗል። የቬትናም ጦርነት ሰዎች ስሙን በሌላ በኩል ነው የሚያነሱት።

ሮስቶውን ደጋግሜ ሳነብ የገረመኝ የሌለው ነገር ነው። ጭሱ የት እንደሚሄድ አይነግራችሁም። ወንዝ የለውም። እያንዳንዱ አገር የራሱን ደረጃ ለብቻው ይወጣል፤ ከታች ያለው ከላይ ያለውን አይነካውም፣ ከላይ ያለውም ከታች ባለው ላይ አይደፋም። የእኛም የልማት ዕቅዶች ይህንኑ አካሄድ ወርሰዋል። ጃንሆይ በ1957 የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ አስጀመሩ። ደርግ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ነበረው። ኢሕአዴግ በ2010 የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱን ይዞ መጣ። ርዕዮቱ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ በስንት ዓመት የትኛው ደረጃ ላይ እንደርሳለን?

የጥገኝነት ቲዎሪ ላይ ሲደርሱ ተማሪዎቹ ይነቃሉ። ስሜት አለው። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ጥሬ ዕቃ የሚሸጥ አገር ከጊዜ ወደ ጊዜ ለአንድ ማሽን ብዙ፣ እየጨመረም ብዙ ጆንያ መክፈል አለበት አለ። አንድሬ ጉንደር ፍራንክ በ1966 ኋላ ቀርነት መነሻ ደረጃ ሳይሆን ከውጭ ጋር ባለው ግንኙነት የተፈጠረ ውጤት ነው ብሎ ሮስቶውን ገለበጠው። ዋልተር ሮድኒ በ1972 የአፍሪካን ታሪክ በዚህ ዓይን ጻፈው።

ይሄን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገኝም፤ ቶነር፣ ማለትም የኮፒ ማሽን ቀለም፣ እገዛለሁ። አገሬ የምትሸጠው ቡና ነው፣ እኔ የምፈልገው ቶነር ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙት በዶላር ነው። በ2024 ክረምት የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የቶነር ዋጋ ምን እንደሆነ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ኮፒ ቤት ሁሉ ይነግራችኋል። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የዋጋ ዝርዝር ቀድጄ አዲስ ለጠፍኩ። ተማሪው አየኝ። «ጋሼ፣ ለአንድ ገጽ ይሄን ያህል?» አለኝ። ፕሬቢሽን አንብብ ልለው ነበር፤ ለፈተና ይመጣል።

ግን ሙሉ በሙሉ አልገዛውም። ሁሉን ነገር ከውጭ በመጣ እጅ ካስረዳን የሰፈራችን የመጸዳጃ ቤት ቱቦ ለምን ወንዝ ውስጥ እንደተለቀቀ ማን ሊያስረዳን ነው? ለንደን ያለ የቡና ደላላ አይደለም ያንን ቱቦ የቀጠለው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ቲዎሪ እወስዳለሁ። ከላይ ያለው ደረጃውን ሲወጣ የሚተወው ቆሻሻ የትም አይጠፋም፤ ከታች ላለው ይሸጣል። የኔ ኮፒ ማሽን ሌላ አገር አገልግሎ የመጣ ነው። መንገዱን ያጨሰው የነበረው አሮጌ ኮሮላም ሌላ አገር ዕድሜውን ጨርሶ ነው እኛ ጋ የመጣው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል አንድ በር ዘጋ። ሌሎቹ በሮች ክፍት ናቸው። ማሽኔ ሲያልቅለት ድራሙ፣ ያገለገለው ቶነር፣ ጥቁሩ ዱቄት ከቤት ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። ለብቻው የሚቀበል ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ከዛ ቆሼ። የከተማዋ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተቆለለበት ቦታ ነው። መጋቢት 2017 ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። እዚያው ሥር ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ፣ ከክምሩ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎችም ነበሩበት። ያ ክምር የመላው አዲስ አበባ ነበር። የቦሌም፣ የካዛንቺስም፣ የኔም ወረቀት ነበረበት። የተናደው ግን እነሱ ላይ ነው።

ስቶክሆልም፣ ሰኔ 1972። የተባበሩት መንግሥታት ስለ አካባቢ የጠራው የመጀመሪያው ትልቅ ጉባኤ። ሀብታሞቹ አገሮች ስለ ብክለት ሊያወሩ መጡ፤ ድሆቹ ይሄ ነገር እንዳናድግ የተጠመደ ይሆን ብለው ጠረጠሩ። የሕንዷ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ተነሥታ ከበካዮች ሁሉ የከፉት ድህነትና ችጋር አይደሉም ወይ ብላ ጠየቀች። ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። የጥያቄ ምልክቱ መንገድ ላይ ወድቆ «ድህነት ነው የሚበክለው» ሆኖ ቀረ። እሷ ያለችው ለሰው ኑሮ ሳታሻሽል ዛፍ ጠብቅ ማለት አይሠራም ነው። ዛሬ የሚጠቀሙባት ድሃውን ለመውቀስ ነው።

ስለ ድህነትና ዛፍ ካነሣን አዲስ አበባ ከማንም የተሻለ ታሪክ አላት። ከተማዋ በ1886 ተቆረቆረች። ወዲያው ሰው ጎረፈ፣ ዛፉ ተጨፈጨፈ፣ ማገዶ ጠፋ። ምኒልክ ከተማውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታ ሁሉ አስጀምረው ነበር። አገራችን ከዚያ በፊት የምታውቀው ነው፤ ማገዶ ሲያልቅ ቤተ መንግሥት ይነሣል። አዲስ አበባን እዚሁ ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተማው በባሕር ዛፍ ተከበበ።

ሃንድአውቱ ላይ ማልቱስና ቦዝረፕ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ማልቱስ በ1798 ሰው ከምግቡ በላይ ይበዛና ይቀጣል አለ። ዴንማርካዊቷ ኤስተር ቦዝረፕ በ1965 ደግሞ ሰው ሲበዛና ሲጨንቀው ዘዴ ይፈጥራል አለች። ተማሪዎቹ ምሳሌ አጥተው ሲጨነቁ አያለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ እንጦጦ ቀና ማለት ይበቃል። ቦዝረፕ ያሸነፈች ይመስላል።

እስኪ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ያ ዘዴ የተከፈለው በማን ጀርባ ነው? ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሸክሙ ከራሳቸው ቁመት ይረዝማል። ጎንበስ ከማለታቸው የተነሣ ጀርባቸው ከመሬት ጋር ትይዩ ነው። ፊታቸው አይታይም፤ ከኋላ ስታዩ የሚሄደው ቅጠሉ ነው የሚመስለው። ጥበቃ ያሳድዳቸው ነበር፣ ቅጠሉን ይነጥቋቸው ነበር። የከተማው እንጀራ የሚጋገረው በዚያ ቅጠል ነበር። በ2020 እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ያማረ ነው፣ እኔም ልጆቼን ወስጄ አይቻለሁ። ማልቱስና ቦዝረፕ ሲከራከሩ ግን ሁለቱም «ሰው» ነው የሚሉት። የትኛው ሰው የሚለው ውስጡ የለም።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ አባባል ልምጣ። ሃንድአውቱ ላይ ሥዕል አለው። የተገለበጠ ሳሕን የመሰለ መስመር። ግርጌው ላይ ገቢ፣ ቁመቱ ላይ ብክለት። ድሃ አገር ማደግ ሲጀምር ብክለቱ ይጨምራል፤ አንድ ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ሀብታም ሲሆን ይቀንሳል። የአካባቢ ኩዝኔትስ ኩርባ ይሉታል። ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ በ1955 የጻፈው ስለ ገቢ ልዩነት ነበር፤ ስለ ጭስ ምንም አላለም። ስሙን ለጭስ ያዋሱት ሌሎች ናቸው። በ1991 ግሮስማንና ክሩገር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የሰሜን አሜሪካን የንግድ ስምምነት አስመልክቶ ባጠኑት ጥናት አንዳንድ የአየር ብክለቶች ገቢ ሲያድግ ወደ ላይ ወጥተው እንደሚወርዱ አሳዩ። በዓመቱ የዓለም ባንክ ሪፖርት ሐሳቡን አራገበው። ይኸው ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱም ያውቀዋል።

መስመሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ለሰልፈር ጭስ፣ ለከተማ ጥላሸት ብዙ ቦታ ሠርቷል። ለካርቦን እንዲህ በቀላሉ አይሠራም፤ ለቆሻሻ ክምርም አይሠራም፤ ሰው ሀብታም በሆነ ቁጥር የሚጥለው ይበዛል። ከሁሉም የሚያስቆጣኝ ግን መስመሩ በራሱ የሚወርድ መምሰሉ ነው። ቁጭ ብለን ከጠበቅን ይወርዳል እንደማለት። ለንደንን እዩ። በታኅሣሥ 1952 በድንጋይ ከሰል ጭስ ታፍና በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀባት። ያኔ ለንደን ድሃ ነበረች? በሮስቶው ደረጃ ከላይ ከተቀመጡት ናት። ጭሱ የቀነሰው ሰው ጮኾ፣ ፓርላማው ተወጥሮ፣ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ስለወጣ ነው። ገንዘቡማ ከድሮም ነበራት።

አንዱ ጎበዝ ልጅ፣ ጥረዛ እየጠበቀ፣ በዚህ ጉዳይ ተከራክሮኛል። «ታዲያ ድሃ ሆነን እንቅር ነው የሚሉት?» አለኝ። አይደለም። ፋብሪካው ይሠራ፣ መንገዱ ይሠራ፣ ሕንፃው ይሠራ። ጥያቄው ቱቦው መቼ ይቀጠል የሚለው ነው። ከሕንፃው ጋር ወይስ ከ30 ዓመት በኋላ? ኋላ የሚጸዳ ነገር ዋጋው በእጥፍ ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይጸዳም። በነገራችን ላይ አገራችን ይህን በወረቀት ከተቀበለች ቆይታለች። በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እስከ 2025 መካከለኛ ገቢ ላይ እንደርሳለን፣ የካርቦን ልቀታችንንም አናበዛም ነው የሚለው። «ከዚያ እናጸዳለን» የሚል ገጽ የለውም። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሕዝብ ከመንግሥት ስትራቴጂ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው፣ ወይም ስትራቴጂው ሚኒባስ አልተሳፈረም።

ወንዙ ደግሞ ደረጃ አይጠብቅም። ግንፍሌ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ተመልከቱ። ክረምት ላይ ቀይ ነው፣ አፈር ነው። በጋ ላይ ግራጫ ይሆንና ከላዩ ላይ አረፋ ይንሳፈፋል። ፌስታሉ እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ተጠምጥሟል። በቀበናና በሌሎቹም ወንዞች አድርጎ ሁሉም ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው። ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። አቃቂ ላይ ገበሬው ያንን ውሃ ስቦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ያጠጣል። አትክልቱ ከባድ ብረቶች እንደተገኙበት ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል፤ የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም አንዱ ነው። ያ ጎመን ጠዋት ላይ ሰፈራችን ጉሊት ላይ ይቀርባል። እኛ የለቀቅነው ነገር ዞሮ ሳሕናችን ላይ ይወጣል። የወንዝ ዳር ልማቱ ማዕከሉን ብዙ ለውጦታል፤ ሽታው የቀነሰበት፣ ሰው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቦታ መጥቷል። አልክድም። ከአቃቂ በታች ያለው ገበሬ ግን መለኪያው ሌላ ነው። ለእሱ ልማቱ የሚለካው በሚደርሰው ውሃ ነው።

ብሩንትላንድን ሁሉም ያውቃታል። በ1987 የኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመራችው ኮሚሽን የዘላቂ ልማትን ትርጉም ሰጠ። የዛሬን ፍላጎት ማሟላት፣ የመጪውን ትውልድ ሳይነኩ። በእያንዳንዱ አሳይመንት የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ልጽፈው እችላለሁ። ተማሪዎቹ ግን አንዷን ዐረፍተ ነገር ቆርጠው ነው የሚያመጡት። ቀጥሎ ያለውን ማንም ኮፒ አያደርገውም። እዚያ ላይ ፍላጎት ሲባል በተለይ የዓለም ድሆች መሠረታዊ ፍላጎት ነው፣ ቅድሚያም የሚሰጠው ለእሱ ነው ይላል። መጪው ትውልድ ጥሩ ነው። አይጮህም፣ ፊርማ አያሰባስብም። ዛሬ ከወንዙ በታች ያለው ሰው ግን አለ፤ ስሙም የሰፈሩ መዝገብ ላይ አለ።

ስለዚህ ከሃንድአውቱ ሁሉ የኔ ሰው ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ነው። በ1981 ስለ ረሃብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እኛ አለን። የ1973ቱን የወሎ ረሃብ አጥንቷል። ወሎ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ በአገር ደረጃ እህል ጠፍቶ አልነበረም። ደሴ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋው ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው ሰብሉም ከብቱም አልቆበት የሚገዛበት አልነበረውም። እህል ወደ ገንዘብ ይሄዳል። ሴን ያለው፣ ስንት እህል አለ ብለህ አትጠይቅ፣ ማን እህሉ ጋ የመድረስ አቅምና መብት አለው በል ነው። ይህን ገጽ መጀመሪያ ያተምኩ ቀን ማሽኑን አቆምኩት። አባቴ የወሎ ሰው ነው። ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም። እህሉ በአጠገባቸው እንዳለፈ ግን አንድ ጊዜ ነግሮኛል።

ይህንኑ ጥያቄ ከእህል ወደ ውሃ፣ ወደ አየር፣ ወደ ጥላ አዙሩት። ከተማው ስንት ሄክታር አረንጓዴ አለው? ጥሩ። ማን ነው እሱ ጋ የሚደርሰው? ፒያሳ ለልማት ሲፈርስ ደንበኞቼ የነበሩ ሰዎች ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አንዷ ጎረቤቴ ቡና ታፈላ ነበር፤ አሁን ቤቷ ቧንቧ አለው፣ መጸዳጃው የራሷ ነው፣ ድሮ ያልነበራት ነገር ነው። ቡናዋን የሚጠጣ ሰው ግን ከሦስት ታክሲ ወዲህ የለም። ይሄ አደገች ነው ወይስ ደኸየች? የሮስቶው ደረጃ አይመልሰውም፣ ኩርባውም አይመልሰውም። ሴን ቢያንስ እሷን ጠይቁ ይላል።

የሕግ ሃንድአውቶቹ እዚያው መደርደሪያ ላይ ናቸውና አንድ ቀን ሕገ መንግሥቱን ገለጥኩት። አንቀጽ 43 ስለ ልማት መብት ነው፤ ዜጎች በሚመለከታቸው ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ወዲያው አንቀጽ 44፣ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ። የሚገርመው የ44 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ ስለ ዛፍ አያወራም። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ስለተፈናቀለ ወይም ኑሮው ስለተነካ ሰው ካሳ ነው። አርቃቂዎቹ ንጹሕ አካባቢንና የሚነሣውን ሰው አንድ አንቀጽ ውስጥ አስቀመጧቸው። ከሃንድአውቱ ሁሉ ቲዎሪ ይልቅ እዚህ ሁለት መስመር ላይ ብዙ ነገር አለ። አሳይመንት ላይ ጠቅሶት ያየሁት ተማሪ ግን የለም።

ባለፈው አንዲት የማስተርስ ተማሪ ስለ አቃቂ ወንዝ የጻፈችውን ቴሲስ ለጥረዛ አመጣች። ጥሩ ሥራ ነው፤ ገበሬዎቹን አነጋግራለች፣ የሚሉትን በትክክል ጽፋለች። ከዚያ ምዕራፍ አምስት፣ ምክረ ሐሳብ፦ «ለአርሶ አደሩ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ቢሰጥ።» ምዕራፍ አራት ላይ አንድ ገበሬ ውሃው እጁን እንደሚያሳክከው፣ ለልጆቹ ከዚያ ጎመን እንደማይሰጥ ነግሯታል። አሳየኋት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ግንዛቤ ጎደለው?» አልኳት። ሳቀች። «ጋሼ እውነትዎን ነው። ግን ሥልጠና ካልጻፍኩ ምክረ ሐሳብሽ ተግባራዊ አይሆንም ይሉኛል» አለች። በሰማያዊ ልባስ፣ በአራት ቅጂ ጠረዝኩላት።